እንደ ጤፍ የሚፈስ ስኳር

በእንጅባራ ከተማ፣ ከዚያም አልፎ በመላው አዊ፣ ስኳር አስቀምጦ በማቆየት የሚስተካከለኝ ሰው የለም። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። መቶ ሃያ አባወራ አምኖ የሰጠው የእድራችን ስኳር ይህን በምጽፍበት ሰዓት እኔ ቤት፣ ከሳሎኔ ጥግ ተቀምጧል። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ከርሞ አንዲቷ ፍሬ ከሌላዋ ጋር አልተጣበቀችም። ዘግናችሁ ብትለቁት በጣቶቻችሁ መሃል እንደ ጤፍ ይፈሳል።

እርግጥ ነው፣ የበርሜሉ ቁልፍ የተንጠለጠለው ከሚስቴ ከውባንቺ አንገት ላይ ነው። የስኳሩ ጠባቂ ሆና የተመረጠችውም እሷ ነች። ስሟ ሲጠራ እጅ ያላወጣ ሰው አልነበረም፤ እኔን ግን ማንም አልጠቆመኝም። ሙያውንም ቢሆን የተማረችው ከእኔ አይደለም፤ ከአያ ፈንታ ነው። አያ ፈንታ ደግሞ የዛሬ ዓመት በነሐሴ ሞቱ።

ሞታቸውን የሰማሁት ከአንድ ባጃጅ ነጂ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ መንገድ ዳር ስለሆነ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ወሬ የለም። ልጁ ባጃጁን ሳያቆም አንገቱን አውጥቶ፣ "ጋሽ ደምለው፣ አያ ፈንታ አረፉ!" ብሎኝ አለፈ። የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር። እግሬ ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ቀረ። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ነው። ሁለተኛው ግን፣ "እንግዲህ ስኳሩ ለማን ይሆን?" የሚል ሐሳብ ነበር። እውነቱን ለመናገር የትኛው እንደቀደመ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

ቀብሩ ተፈጸመ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል፤ ነሐሴ ውስጥ እንጅባራ ላይ ሰማዩ በአንድ ቀዳዳ ሳይሆን በጠቅላላ ነው የሚፈሰው። ሻይ መጣ። በየሳህኑ ላይ ስኳር ቀረበ። ከዳንግላ የመጣ አንድ እንግዳ ማንኪያውን አንስቶ ሲያዘነብል ስኳሩ ሽርርር ብሎ ወረደለት። ደነገጠ።

"ይህን ስኳር ከየት አመጣችሁት? በእኛ አገር በዚህ ወር ስኳር በመዶሻ ነው የሚበላ!"

"የሟቹ እጅ ነው" አሉት አጠገቡ ያሉት። "እሳቸው ናቸው ያስቀመጡት።"

"ነፍስ ይማር!" አለ ሰውየው፣ ሌላ ማንኪያ እየጨመረ።

ድንኳኑ በሙሉ፣ "ነፍስ ይማር!" አለ።

ብዙ ለቅሶ ደርሻለሁ። ስለ ደግነቱ የተለቀሰለት አይቻለሁ፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ድምፁ የተለቀሰለት አይቻለሁ። በማንኪያ እየተቀመሰ የተመሰገነ ሟች ግን ያን ቀን አየሁ። ይኸው እላችኋለሁ፣ ሻዩን ይዤ ቀናሁ። ዓይኔ ቀላ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሐዘን መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሰው በሞተ ሰው ይቀናል ወይ? ይቀናል። እኔ ምስክር ነኝ።

አያ ፈንታ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከላይኛው ቁልፍ እስከ ታችኛው ድረስ የተቆለፈ ካፖርት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በመንገድ ሥራ ካምፕ፣ በሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ ነው። ዝናብ በማያባራበት አገር ሲሚንቶ ሳይረግብ፣ ሳይጋገር ማቆየት ነበር እንጀራቸው። ጡረታ ሲወጡ ሲሚንቶው ቀረ፤ ጥንቃቄው ግን አብሯቸው ቤት ገባ። ሚስታቸው ቀድማ ሞታ ነበርና የሚጠነቀቁለት ነገር ፈለጉ መሰለኝ ስኳር ላይ አረፉ።

ያን ጊዜ ስኳር እንደ ልብ አይገኝም። በቀበሌ በኩል፣ በሸማቾች ሱቅ ተሰልፈን ነው የምናገኘው። አንዱን ወር ይመጣል፣ ሁለቱን ወር ይጠፋል። ስለዚህ የመጣ ቀን ያገኘኸውን ይዘህ ገብተህ ማቆየት አለብህ። ማቆየቱ ላይ ነበር ችግሩ። የእንጅባራ ጉም እንግዳ አይደለም፤ ቤተሰብ ነው። ሐምሌ ውስጥ በመስኮት ይገባል፣ አልጋ ላይ ይቀመጣል፣ ትንሽ ቢቆይ ሻይ አምጡ ይላል። ስኳር ደግሞ እርጥበት ሲያይ አይችልም፤ ይጠጣዋል፣ ከዚያ ይጋገራል።

የእኛ ቤት ስኳር ይጋገር ነበር ማለት ያንሰዋል። ድንጋይ ይሆን ነበር። በዘነዘና ነበር የምንወቅጠው። አንድ ጊዜ ከጣሳው ያወጣሁትን ድፍን ስኳር ደጅ አስቀምጬው አንድ አህያ ተደናቅፎበት ወድቋል ብል ውባንቺ ትቆጣኛለች፤ "አህያው ራሱ ሰክኖ የማይሄድ ነበር" ትላለች። መደናቀፉን ግን አትክድም። በዚያ ላይ ጣሳው ከቅመም ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ነበርና ሻያችን ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር። እንግዳ ሲመጣ፣ "ጤና አዳም ነው?" ብሎ ይጠይቃል። እኛም፣ "አዎ" እንላለን።

አንድ ቀን ውባንቺ ከአያ ፈንታ ቤት ተመለሰች። ስኳር አልቆብን ልትበደር ሄዳ ነበር። ፊቷ በርቷል። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር ያን ፈገግታ አይቼው አላውቅም። ለሠርጋችንም እንደዚያ አልፈገገችም።

"ኧረ አንተ ሰውዬ፣ የአያ ፈንታን ስኳር አይተሃል?"

"ስኳር ነው። ምኑ ይታያል?"

"ይፈሳል እኮ! ውኃ ነው እንጂ ስኳር አይደለም። ከግድግዳው አርቀው፣ ርብራብ ላይ አስቀምጠውታል። በርብራቡ እግር ዙሪያ አመድ ነስንሰዋል፣ ጉንዳን እንዳያልፍ። ክዳኑን ደግሞ ሲከፍቱ ብታይ…"

"ምን ያደርጋሉ? ይሳለማሉ?"

"ፊታቸውን ዞር ያደርጋሉ። ትንፋሻቸው እንዳይነካው።"

እኔ ልብስ ስሰፋ ትንፋሼን ስንት ጊዜ እንዳቋረጥኩ ጠይቃኝ አታውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ "አያ ፈንታ" የምትለው ስም ከቤታችን አልወጣ አለች። ጣሳው ከምድጃው ራቀ፤ አያ ፈንታ ብለዋል። ቅመሙ ሌላ ክፍል ገባ፤ አያ ፈንታ ብለዋል። ስኳር ከፌስታል ወደ ባለክዳን ዕቃ ተገለበጠ፤ አያ ፈንታ። አማቴ ከአዘና መጥታ ሁለት ቀን ስትሰነብት ሱቄን አላየችም፤ የአያ ፈንታን በርሜል ግን ተወስዳ ጎብኝታለች። ይህ ሁሉ ተደርጎ የእኛ ስኳር ድንጋይ መሆኑን አላቆመም። ውባንቺ ግራ ገባት። ጣሪያውን አስመረመረች። ግድግዳውን አስለሰነች። እኔ ዝናቡን እረግማለሁ።

አያ ፈንታ ስኳር ሲያወጡ አይቻለሁ፤ መካድ አልችልም፣ ያምር ነበር። መጀመሪያ እጃቸውን በካፖርታቸው ሦስት ጊዜ ይጠርጋሉ። ቀጥሎ ከሚስማር ላይ የተንጠለጠለችውን የእንጨት ማንኪያ ያወርዱና ጉንጫቸው ላይ ያስጠጓታል። "ጉንጭ እርጥበትን ከእጅ ይበልጥ ያውቃል" ይሉ ነበር። ከዚያ ነው ክዳኑ የሚከፈተው፤ ወዲያው ደግሞ ይዘጋል። ከዘንገና በኩል ለገበያ የሚመጡ ገበሬዎች ደጃቸው ላይ አረፍ ይሉና በአገውኛ ያወጓቸዋል። እኔ ከሰላምታ ያለፈ አገውኛ አልችልም። እነሱ ሲስቁ በሱቄ በር አሻግሬ አይና ስለ እኔ ስኳር የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። ስለ በሬ ዋጋ እንደሚያወሩ ኋላ ነው የተነገረኝ። እንኳን ያኔ ዛሬም አላመንኩም።

"ሲሚንቶ አንዴ ከተቆጣ አይታረቅም" ይሉ ነበር አያ ፈንታ። "ስኳር ግን ይቅር ይላል።"

የሚያናድደኝ ደግሞ ይህን ሲሉ ሁልጊዜ ወደ እኔ መመልከታቸው ነበር።

የእድሩ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰው ሲሞት ስኳር ፍለጋ መዞር አሳፋሪ ሆነ። ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሻዩ መራራ ይሆናል። ስለዚህ እድሩ፣ ስኳር በመጣ ቁጥር እያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ኩባያ ያዋጣና አንድ ሰው ቤት ይቀመጥ ብሎ ወሰነ። የሚያስቀምጠው ሰው እንዲህ በዋዛ የሚገኝ አይደለም። ያን ሰሞን ስኳር ተሰጥቶህ ታመንክ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያላየው ሰው አይገባውም። ለቅሶ ቤት ስኳሩን ይዞ ሲገባ ሽማግሌው ሁሉ ብድግ ይላል። እኔ ያን ብድግታ ፈለግሁ። ሃምሳ ሊሞላኝ ነበር፤ ቀልደኛ ነው ተብዬ ኖሬያለሁ፣ ስገባ ሰው ይስቃል እንጂ ተነስቶልኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲነሱልኝ ፈለግሁ።

የመረጡት አያ ፈንታን ነው። ሲመርጡም አጨበጨቡ። ውባንቺ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች።

በሳምንቱ አያ ፈንታ አንድ ክንድ አቡጀዲ ይዘው ሱቄ መጡ።

"ደምለው፣ ሥራ ይዘሃል?"

"ለእርስዎ ከሆነ እተወዋለሁ።"

"ከረጢት ልትሰፋልኝ ነው። ትንንሽ። የክብሪት ቀፎ የምታህል። አሥራ ሁለት።"

"አሥራ ሁለት! ለምንድን ናቸው?"

"ለትንሽ ነገር ነው" ብለው ፈገግ አሉ። "ስፌቱን ጥቅጥቅ አድርገው ብቻ። ምንም እንዳይወጣ፣ ምንም እንዳይገባ።"

ሰፋሁላቸው። ዋጋ አልተቀበልኳቸውም፤ ምክንያቱም የልፋቴን ዋጋ በሌላ መንገድ ላገኘው ነበር። አሥራ ሁለት ትንንሽ ነጫጭ ከረጢቶች፣ አፋቸው በክር የሚሳብ፣ ስኳር ለሚጠብቅ ሰው! አሰብኩ፣ አወጣሁ፣ አወረድኩ፤ ቅናት ደግሞ ሐሳብን ወደሚፈልገው ቦታ ነድቶ ማድረስ ያውቃል። በማግስቱ እትዬ ብርቄ ቀሚስ ልታሳጥር መጣች። እትዬ ብርቄ ማለት ኔትወርክ በሌለበትም የምትሠራ ሰው ነች።

እኔ ክታብ ነው አላልኩም። ልብ በሉልኝ። ያልኩት፣ "ክታብ አይደለም ብዬ ለመማል አልደፍርም" ነው።

በሦስተኛው ቀን ወሬው ከእኔ አልፎ፣ ከተማውን ዞሮ፣ አድጎና ጺም አብቅሎ ራሴ ዘንድ ተመለሰ። አያ ፈንታ ስኳሩ ውስጥ አሥራ ሁለት ክታብ ከተዋል፤ በአሥራ ሁለት ደብተራ የተጻፈ ነው፤ ስኳሩ የማይጋገረው ለዚህ ነው። በእድራችን ውስጥ ጴንጤም ኦርቶዶክስም አለ። በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ ድንኳኑ ወዴት ዞሮ ይተከል በሚለው እንኳ ይከራከራሉ። በእኔ ወሬ ግን በአንድ ቃል ተስማሙ። ክታብ ያለበት ስኳር አንቀምስም አሉ።

እሁድ ስብሰባ ተጠራ። በርሜሉ በአራት ሰው ሸክም መጥቶ መሃል ቆመ። የእድሩ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አያ ፈንታ፣ እርስዎን የሚጠረጥር የለም። ግን… ይባላል።"

"ምን ይባላል?" አሉ በእርጋታ።

"ስኳሩ ውስጥ የሆነ ነገር አለ ይባላል።"

አያ ፈንታ ተነሡ። እጃቸውን ካፖርታቸው ላይ ሦስት ጊዜ ጠረጉ። ፊታቸውን ዞር አድርገው ክዳኑን ከፈቱና አንዲት ከረጢት አወጡ። ሕዝቡ ወደ ኋላ ሸሸ። ክሩን ፈትተው መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። ከሰል ነበር። ጣት የምታህል፣ ታጥባ የደረቀች ከሰል።

"እርጥበቱን እሱ ይጠጣዋል" አሉ። "ስኳሩ ሳይጠጣው። መጋዘን ውስጥ የተማርኩት ነው።"

 እኔ አበቃልኝ ብዬ ነበር። ያዳነችኝ እትዬ ብርቄ ነች።

"ከሰልም ቢሆን ተደግሞበት እንደሆነስ?" አለች ከኋላ።

ጉርምርምታው እንደገና ተነሣ። በአዊ ምድር ከሰል የሌለበት ጓዳ አልነበረም፤ ገበሬው ሁሉ ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ እያከሰለ ነበር የሚኖረው። ያው ከሰል ግን በነጭ ከረጢት ሲሆን ሰው ፈራው። አያ ፈንታ አልተከራከሩም። አልተቆጡም። ከረጢቱን መልሰው ቋጠሩና እንዲህ አሉ፦

"ሐዘንተኛ እየተጠራጠረ የሚጠጣው ሻይ አይጣፍጥም። ስኳሩን ሌላ ሰው ይያዘው። ከረጢቶቹን እወስዳለሁ።"

ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። የስፌቱን ክር በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ "ግን ጥሩ አድርገህ ነው የሰፋኸው፣ ደምለው" አሉኝ። እውነት ለማመስገን ይመስላል። ምነው በሰደቡኝ!

ስኳሩ እኔ ቤት ገባ። እጄን ቀድሜ ስላወጣሁ ነው። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ "እኔ ቤት ምንም ነገር የለም፣ ንጹሕ ነው" ብዬ ነበር። እንዴት እንደጠበቅሁት ልንገራችሁ። ርብራብ አሠራሁ፤ ከአያ ፈንታ ርብራብ በአንድ ስንዝር የሚበልጥ። አመድ ነሰነስኩ፤ ጉንዳን ይቅርና ድመትም እንዳይሻገር አድርጌ። ሰው ሳያይ ሃያ አራት ከረጢት ሰፋሁ፤ የእሳቸው አሥራ ሁለት ስለነበሩ። ከሰሉን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ሞልቼ፣ ስኳሩ ውስጥ ከጥልቅ ቀበርኩት። ክታብ ከሆነ የእኔ እጥፍ ነበር። በዚያ ላይ አያ ፈንታ በርሜሉን በሳምንት አንዴ ቢከፍቱት ነው፤ እኔ ግን በቀን ሦስት ጊዜ እየከፈትኩ እፈትሸው ነበር። ጠዋት፣ ከምሳ በኋላ፣ ከሱቅ ስመለስ። ውባንቺ እንኳ፣ "ለእኔ እንዲህ ተጨንቀህልኝ አታውቅም" አለችኝ።

ሐምሌ ላይ ከጎረቤቶቻችን አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ድንኳን ተተከለ። ቀኔ ደረሰ! አዲስ ሸሚዝ ለብሼ፣ በርሜሉን በአራት ሰው አሸክሜ፣ እኔ ፊት ፊት እየመራሁ ገባሁ። ሰዎቹ ብድግ አሉ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ብድግ አሉ! የፈለግሁትን አገኘሁ፤ ያገኘሁትም ክዳኑ እስኪከፈት ድረስ ነበር።

ክዳኑ ተከፈተ። ማንኪያ ተሰደደ። "ቀጭ" አለ። ማንኪያው ተመለሰ።

ስኳሩ እብጥ እብጥ ብሎ ተጋግሮ፣ ድንጋይ በድንጋይ ሆኗል። ዘነዘና ተፈለገ። ከድንኳኑ ጀርባ መወቀጥ ተጀመረ፤ ድም፣ ድም፣ ድም። አልቃሾቹ መጀመሪያ ከዘነዘናው ምት ጋር ሊሄዱ ሞከሩ፤ ኋላ ግራ ገብቷቸው ዝም አሉ። የሟቹ ልጅ ብቅ ብሎ፣ "ምን እየተሠራ ነው?" አለ። ሻዩ በየብርጭቆው መራራውን ቀዘቀዘ። ያ ሁሉ የተነሣልኝ ሰው አሁን ተቀምጦ ያየኛል። መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ፣ እሷም በዘነዘና መከፈት ነበረባት።

አያ ፈንታ ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡ። ከስኳሩ ድንጋዮች አምስት ስድስቱን ለቀም ለቀም አድርገው ትሪ ላይ ደረደሩ። እኔም ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። አንድ መጠን፣ አንድ ቅርጽ፤ በአንድ በኩል ክብ፣ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ። አያ ፈንታ አንዱን አንሥተው ወደ ብርሃን አዞሩት። ከዚያ አፌን አዩ። ከዚያ ድንጋዩን። እንደገና አፌን።

የእድሩ ዳኛ፣ "ምን ሆኖ ነው፣ አያ ፈንታ?" አላቸው።



"ዝናቡ ነው" አሉ ጮክ ብለው። "የዘንድሮ ዝናብ ከባድ ነው። እኔም ዘንድ ቢሆን ይህ አይቀርለትም ነበር።"

ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። "ምን ትወቅጣላችሁ? ሻይ ውስጥ ሊገባ አይደለም እንዴ? እንዲያው እንዳለ ድስቱ ውስጥ ጨምሩትና ይፍላ።"

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ሳቅ ሆነ፤ ሐዘን ቤት መሆኑን ረስተው የሟቹ ልጅ ራሱ ሳቀ። ድንጋዩ ድስት ውስጥ ገባ፣ ሻዩ ጣፈጠ፣ ሕዝቡ "አያ ፈንታ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር!" አለ። እኔን ከውርደት አወጡኝ፤ ሲያወጡኝ ደግሞ ምስጋናውን ሁሉ ይዘው ሄዱ። ያዳነኝን ሰው እንደዚያ ቀን ጠልቼ አላውቅም።

በሳምንቱ ስኳሩ ወደ አያ ፈንታ ተመለሰ። ከረጢት ያነሣ ሰው አልነበረም፤ እትዬ ብርቄም፣ "ድሮም ከሰል ምን ያደርጋል?" አለች። በርሜሉ ከቤቴ ሲወጣ አያ ፈንታ ወደ ኋላ ቀረት ብለው ከካፖርታቸው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ።

"ለአንተ ነው" አሉ። "ስኳር ይቅር ይላል፣ ደምለው።"

ስፈታው ሁለት የእንጨት ማንኪያዎች ናቸው። አዲስ። አንድ ዓይነት።

ውባንቺ ታዲያ፣ "ሁለት ለምን?" አለችኝ።

"አንዱ ቢጠፋ ብለው ይሆናል" አልኳት።

እሷ ከዚያ በኋላ እየተመላለሰች ተማረች። እኔ ግን ወደ ቤታቸው እግሬን አላነሣሁም። በደጄ ሲያልፉ፣ "እንደምን ዋልክ፣ ደምለው?" ይሉኛል፤ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?" እላለሁ፤ መርፌዬን አያለሁ። ይቅርታ ልል ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። ሁልጊዜ ከአፌ የሚወጣው ቀልድ ነው።

ለቅሷቸው ላይ፣ ያ የዳንግላው እንግዳ ሦስተኛ ማንኪያውን ሲያዘነብል፣ የአያ ፈንታ ልጅ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ዳንግላ ነው የምትኖረው፤ አይቻት አላውቅም ነበር።

"ልብስ ሰፊው ጋሽ ደምለው እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ። እግዜር ያጥናሽ።"

"አባዬ ስለ እርስዎ ብዙ ይነግረኝ ነበር። በእንጅባራ እንደሱ ጥርት አድርጎ የሚሰፋ የለም ይል ነበር። ከረጢቶቹን አሳይቶኛል።" ዓይኗን እየጠረገች ፈገግ አለች። "የክታቡን ወሬም ያስወራው ደምለው ነው እያለ ይስቅ ነበር።"

ሻዩ ትን አለኝ።

"ያውቁ ነበር?"

"ከመጀመሪያው ቀን። 'ከረጢቱን ያየ ሌላ ሰው ማን አለ?' አለኝ።"

"እና… ስለ ማንኪያዎቹስ?"

"እሱንም ነግሮኛል" አለች። "ግን ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። እኔ አልናገርም፣ ጋሽ ደምለው።"

እንግዲህ እሷ ከማለች፣ አባቷም ምስጢሬን ይዘውልኝ መቃብር ከወረዱ፣ የሚቀረው ሰው እኔ ነኝ። ስማቸውን አጥፍቼ ላሳጣኋቸው ነገር ይህን እንኳ ልመልስ።

ስኳሩን ድንጋይ ያደረገው ዝናቡ አይደለም። ጉሙም አይደለም፤ ጣሪያውም ግድግዳውም አይደለም። ማንኪያ እልሳለሁ። አንድ ማንኪያ ስኳር ዘግኜ አፌ ውስጥ እከትና፣ ልሼ፣ አጥርቼ፣ እርጥቡን ማንኪያ መልሼ ስኳሩ ውስጥ እሰካዋለሁ። እርጥቡ ማንኪያ ያረፈበት ሁሉ የማንኪያ ቅርጽ ይዞ ይጋገራል። ቤቴ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያደረግሁት ይህንን ነው። የእድሩን ስኳር በቀን ሦስት ጊዜ ስፈትሽ የከረምኩትም በዚሁ መንገድ ነው። አያ ፈንታ ከሰጡኝ ማንኪያዎች አንደኛው ለስኳሩ ነበር፣ ሁለተኛው ለአፌ። መቶ ሃያ አባወራ ምራቄን ጠጥቷል፤ መፍላቱ በጀ። ውባንቺ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ግድግዳዋን በከንቱ ነው ያስለሰነችው።

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። አሁንም እልሳለሁ።